ነጥቧ የማን ቤት ናት?

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ስክሪን መሆኑ ነው። ፕሮጀክተሩን የሚያሠራው ጄኔሬተር ውጭ ሆኖ ይንደቀደቃል። ከጎንደር ብዙም የማትርቅ የገጠር ቀበሌ ናት። አንድ የማስተርስ ተማሪ የጥናቱን ውጤት ለኅብረተሰቡ ሊያቀርብ መጥቷል። እኔ ተማሪዎችን ካርታ ነክ ሥራ ላይ ስለማግዝ አብሬው ሄጃለሁ።

ጥናቱ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሕመምተኞቹ የት የት ይኖራሉ? ከጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃሉ? አንድ ቦታ ተሰባስበዋል ወይስ ተበታትነዋል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ ቤት ለቤት እየዞረ ጂፒኤስ ይዟል። ስም አልመዘገበም። የካርድ ቁጥርም የለም። የሥነ ምግባር ፈቃድ አለው፣ ሰዎቹም ፈርመው ተስማምተዋል። በወረቀት በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ካርታው ወጣ። ከሥር የሳተላይት ምስል፣ ከላይ ቀያይ ነጥቦች።

ሰው መጀመሪያ ያየው ነጥቦቹን አይደለም፤ አገሩን ነው። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ክብ ሆኖ የሚታየውን አረንጓዴ ቦታ ነክተው «ይኸ ደብሩ ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። በእኛ አገር ከሰማይ ሲታይ ክብ ደን ካለ መሐሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። «ይኸ ወንዙ። ይኸ ድልድዩ። ይኸ ትምርት ቤቱ፣ ጣሪያው የሚያበራው።» ሰው እየተነሣ ተጠጋ። አንዱ የራሱን ማሳ አገኘ፣ ሌላው የአማቱን ግቢ። አዳራሹ ሞቅ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ካርታን እንዲህ በፍጥነት የሚያነብ ሰው ከተማ ውስጥም ብዙ አላየሁም።

ዱላው ከድልድዩ ተነሣ። የባሕር ዛፉን ረድፍ ይዞ ሽቅብ ወጣ። ለብቻዋ የቆመች አንዲት ቀይ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እቺ ከማዶ ያለችው የእገሌ ቤት አይደለችም እንዴ?» አሉ። እገሌ አላሉም፤ ስሙን ነው የጠሩት።

ሁሉም ዞረ። የተጠራው ሰውዬ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

አዛውንቱ ክፋት አልነበራቸውም። ነጥቧ ምን ማለት እንደሆነች ራሱ ልብ ያሉ አይመስለኝም፤ ቦታውን በማወቃቸው ብቻ ነበር ደስ ያላቸው። ሊቀ መንበሩ ነቄ ሰው ነውና ወዲያው የማዳበሪያ ወሬ አነሣ። ልጁም ስላይዱን አሳለፈው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውዬው ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ።

ሲመላለስብኝ የቆየው ነገር ይኸ ነው፦ ካርታው ቅንጣት አልተሳሳተም። ወሰኑ ልክ ነው፣ ነጥቡ ልክ ነው፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ያ ካርታ ትንሽ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር።

ስድስት አሃዝ

እኛ የምናስተምረው ትክክለኛነትን ነው። ሌላ ነገር አናስተምርም ማለት ይቻላል። ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ወሬ ስለ ዞን 37 ነው፤ ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ፍርግርግ ዓለምን ሲከፍል ጎንደር የምትወድቅበት ቁራጭ ማለት ነው። ቀጥሎ ስለ አዲንዳን፣ ቦታ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ ስለሚወስነው የድሮ መነሻ። የድሮዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ነው፤ ስልካችን ደግሞ የሚሰጠን ሌላ መነሻ፣ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ከወረቀቱ ካርታ ያነበብከውን የዩቲኤም ቁጥር ሳትቀይር ሶፍትዌሩ ላይ ብትጭነው ጉድጓድህ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ማዶ ይወድቃል። ይኸን ያላወቀ ተማሪ ዲፌንስ ላይ ይታሻል። ይገባዋልም።

ከዚያ ስልኩ አለ። ዛሬ መረጃ የሚሰበሰበው ኮቦ ወይም ኦዲኬ በሚባሉ የስልክ መጠይቅ መሙያዎች ነው። መረጃ ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ ስህተቱ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቃል። ዝናብ ቢሆን ይጠብቃል፣ ውሻ ቢጮህበት ይጠብቃል። ፋይሉ ሲከፈት ኮኦርዲኔቱ፣ ማለትም የቦታው የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው አሃዝ ወደ 110 ሜትር ነው። አራተኛው 11 ሜትር። አምስተኛው አንድ ሜትር ገደማ። ስድስተኛው 11 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የበሩ መቃን ከግራ ነው ከቀኝ የሚል ነገር። ስልኩ በ5 ሜትር እየሳተ የመቃን ወሬ ማውራቱ ያስቃል። ግን ለአንድ ለብቻው ለቆመ የገጠር ቤት አራቱ አሃዝ ከበቂ በላይ ነው። ሦስቱም ይበቃል።

የሚገርመው፣ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያበላሸው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያደረጉት ለራሳቸው ወታደራዊ ምክንያት ነው እንጂ ለገበሬው ገመና አዝነው አይደለም። ያም ሆኖ ያኔ የሰው ቤት መሣሪያው ራሱ ባደበዘዘው ነጥብ ውስጥ ትንሽ መጠጊያ ነበረው። ማደብዘዙ ሲነሣ ሁላችንም አጨበጨብን። ከእንግዲህ የሚያደበዝዘው ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

የጂአይኤስ፣ ማለትም የኮምፒውተር ካርታ ሥራ፣ ኮርስ ሁሉ በጆን ስኖው እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። 1854፣ ለንደን፣ ሶሆ፣ ኮሌራ። ሐኪሙ የሞተውን ሰው ሁሉ በየቤቱ ደጃፍ በጥቁር መስመር እያሰመረ ብሮድ ስትሪት ያለችውን የውኃ ፓምፕ ያዘ። በዚህ ካርታ ነው የምንማረው፣ በዚህ ነው የምናስተምረው። ያን ቀን ከቀበሌው ስንመለስ ግን አንድ የሞኝ ጥያቄ መጣብኝ፦ ስኖው ዛሬ ፕሮፖዛሉን ይዞ ወደ እኛ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢመጣ ያልፋል? ኮሚቴው ስም አለ ወይ ብሎ ይጠይቀው ነበር። ስም የለም ይላል። ያልፋል።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ስምን ነው፤ ገጠር ላይ ደግሞ ቤት ስም ነው። ጎንደር ከተማ ማራኪ ወይም ፒያሳ ላይ አንዲት ነጥብ ብታስቀምጥ አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ተከራይ አለ፣ ቢያንስ ያሟግታል። ከወንዝ ማዶ ለብቻው የቆመ ቤት ላይ ግን አያሟግትም።

«ነጥቧ እኮ ትንሽ ናት፣ ወረቀት ላይ ማን ያውቃታል?» የሚሉኝ አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይኸንኑ ሞክረውታል። በአንድ የቦስተን ካርታ ላይ የአድራሻ ነጥቦች በተኑ፣ ከዚያ ምስሉን ብቻ ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። አብዛኞቹን አድራሻዎች ለይተው አገኟቸው። እነሱ ኮምፒውተር አስፈልጓቸዋል። እኛ አዳራሽ ውስጥ ዱላ በቃ።

ነጥብ ስትሰደድ

መፍትሔ የለም እንዳልል፣ አለ። እዚሁ ጎንደር ውስጥ ስንቱ የሚሠራበት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ራሱ መልሱን ይዟል። የ2016 እ.ኤ.አ.ው ዳሰሳ 645 የቆጠራ ቦታዎች ነበሩት፤ 443ቱ ገጠር ናቸው። የሚሰጠን ኮኦርዲኔት የቤት አይደለም፣ የአካባቢው መሐል ነው። እሱም ቢሆን ተነቃንቋል። ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር ላይ እስከ 5 ኪሎ ሜትር በዘፈቀደ ይገፋል። ከገጠሮቹ ከመቶ አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ገጠሩ ለምን ራቅ ይላል? ቤት ስለሚሳሳ ነዋ። የአዛውንቱን ዱላ ያሰበ ሰው ነው ይኸን ደንብ ያወጣው ብዬ አስባለሁ።

ግን ይኸ ደንብ ሜዳ አገር የተጻፈ ይመስላል። አምስት ኪሎ ሜትር እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሊማሊሞን የወረደ ያውቀዋል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ለብሰህ ትነሣለህ፤ መኪናው እየተጠማዘዘ ጥቂት ከወረደ በኋላ ጋቢው ይወልቃል። አንድ የደጋ ነጥብ በዘፈቀደ አምስት ኪሎ ሜትር ብትገፋ ገደሉን ወርዳ ቆላ ልትገኝ ትችላለች። ለሳንባ ነቀርሳ ምናልባት ግድ የለም። ለወባ ግን ጉድ ነው። ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው። ከፍታን ከተሰደደች ነጥብ ላይ ብታነብ ሶፍትዌሩ ደጋ የሚኖረውን ሰው ቆለኛ ያደርግልሃል። ፒ ቫልዩም፣ ውጤቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን መመዘኛ ቁጥር፣ ይሰጥሃል፣ ሳያፍር።

ብዙ ተማሪ ይኸን አያየውም። ዳታው ይወርዳል፣ ሆትስፖት፣ ማለትም ችግር የበዛበት ቦታ፣ ይወጣል፣ ከዚያ ክሪጊንግ ተብሎ በነጥቦቹ መሐል ያለው ባዶ ቦታ በግምት ይሞላና አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር በቀለም ትጥለቀለቃለች። ጣና ሐይቅ መሐል ላይ ቀይ ቀለም ያለበት «የእናቶች አገልግሎት እጥረት» ካርታ አይቻለሁ። ከደሴቶቹ ውጭ ውኃው ላይ ማን ይኖራል? ማንም አልጠየቀም። ታተመ።

ወደ ራሳችን መረጃ ስንመለስ፣ ነጥብን በልክ ማንቀሳቀስ ይቻላል። እያንዳንዷን ነጥብ ቢያንስ ይኸን ያህል፣ ቢበዛ ይኸን ያህል ግፋት ትለዋለህ። ቤት በጠጠረበት ትንሽ፣ በሳሳበት ብዙ። ሃሳቡ ዙሪያዋን ቢያንስ ሃያ ቤት ይኑር ነው፤ ከሃያው የትኛው እንደሆነ እንዳይለይ። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል፣ ብር አይጠይቅም። ወባ ከሆነ ደግሞ ከፍታውን መጀመሪያ ከእውነተኛው ነጥብ ላይ ትወስድና ቁጥሩን ብቻ ይዘህ ነጥቧን ታባርራታለህ። ለትንተና ይኸ ጥሩ ነው። እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንዲህ እያልኩ ስመክር ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እንዲህ የተነቃነቁ ነጥቦችን ሳተላይት ምስል ላይ ጭና አሳየችኝ። አንዷ ነጥብ ስትሰደድ ሄዳ ሄዳ የሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አርፋለች። ልክ መሐሉ ላይ። ልጅቷ ስቃ «እኚህ ሰዎች ደግሞ ምን አጠፉ?» አለች።

እኔን ሳቅ አልመጣልኝም። አዛውንቱ ይኸን ካርታ ቢያዩስ? ዱላቸውን አንስተው የዚያን ቤት ባለቤት ስም ይጠሩ ነበር። በእርግጠኝነት! ሰውየው ደግሞ ታሞ አያውቅም። እናስ የታመመውን ለመሸፈን ብለን ጤነኛውን አሳማን ማለት ነው። ልጄን ለእነሱ አልድርም ሊባል ነው፣ ጠላውን አልጠጣም ሊባል ነው። «ነጥቧ ተንቀሳቅሳለች» የሚለውን ማስታወሻ ከሥር በትንሽ ፊደል ጽፈናል፤ ግን አዳራሽ ውስጥ ትንሽ ፊደል ማን ያነባል?

ያን ቀን ነው ነገሩ የለየልኝ። የምንሠራበት ካርታና የምናሳየው ካርታ አንድ መሆን የለባቸውም። የተነቃነቀች ነጥብ ለስሌት ትሆናለች። ለግድግዳ ግን እውነተኛዋም የተሰደደችውም አይሆኑም። ግድግዳ ላይ ነጥብ አይውጣ። አካባቢ ይውጣ፣ ቁጥር ይውጣ። ቁጥሩም ሲያንስ ይደበቅ፤ አንድ ሕመምተኛ ብቻ ያለበት ጎጥ ላይ «1» ብሎ መጻፍ ነጥቧን በሌላ ልብስ ማምጣት ነው።

«የኔን ቤት ለምን ዘለላችሁ?»

ይኸን ይዤ ነጥብን ሁሉ መጥላት ጀምሬ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ባይመልሱኝ ኖሮ። ጎንደር ውስጥ ውኃ እንዴት እንደሆነ ለጎንደሬ አልነግረውም። አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማው ሽቅብ እየሰፋ፣ ጀሪካን የቤት ዕቃ ሆኗል። በአንድ ዳገታማ ሰፈር የውኃ ቦኖዎችንና የቤቶችን ርቀት የሚለካ ሥራ ላይ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር እየዞርኩ ነበር። ቤቶቹ በዕጣ የተመረጡ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን ይዘን ሌላውን እንዘላለን።

አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ምን እየጻፋችሁ ነው?» አሉ። ልጁ ውኃ ከቤት ምን ያህል እንደሚርቅ እየለካን ነው አላቸው።

«የኔን ቤት ለምን ዘለላችሁ ታዲያ?»

«እማማ፣ ዕጣ አልወጣልዎትም።»

«ውኃም አልወጣልኝ! ና ልጄ፣ እዚህ ቁምና ጻፍ። ይቺ ቤት ሰው ያለባት አትመስልህም?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። ናሙናው ላይ አይገቡም። ግን ጂፒኤሱን ያዘላቸው፤ ለብቻው በሌላ ፋይል። ሳይንሱ ይፍረድ፣ እኔ አልከለከልኩትም።

እኚህ እናት ካርታ ላይ መታየት ይፈልጋሉ። ነጥባቸው የምትናገረው መንግሥት ያጎደለባቸውን ነው። የገጠሩ ሰውዬ ነጥብ የምትናገረው ደረቱ ውስጥ ያለውን ነው። ሁለቱም በኪውጂአይኤስ አንድ ሌየር ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ለሁለቱም የሚሰጠው ያው ክብ ምልክት ነው። ልዩነቱን ማስገባት ያለበት ሰው ነው። አሁን ሕግም መጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ለይቶ ጥንቃቄ ይጠይቅበታል። ጥሩ ነው። ግን የትኛዋ ነጥብ አዳራሽ ትውጣ፣ የትኛዋ ትቅር የሚለውን አዋጅ ቁጭ ብሎ አይመርጥልህም።

የጤና ኬላው ግድግዳ

ይኸን ጥበብ እኛ ኮምፒውተር ይዘን ከመምጣታችን በፊት የሚያውቁት አሉ። የገጠር ጤና ኬላ ገብታችሁ ግድግዳውን ካያችሁ፣ በእስክርቢቶና በማርከር የተሳለ የቀበሌ ካርታ አለ። ሚዛን የለውም። ሰሜኑ አንዳንዴ ወደ ጎን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከጤና ኬላው ይተልቃል። ወንዙ በሰማያዊ ሁለት መስመር፣ መንገዱ በቡናማ፣ ጎጦቹ በስማቸው፣ ከየጎጡ ሥር የአባወራው ብዛት። እንደ ካርታ ብናርመው አንዱም አያልፍም።

ታማሚው ግን የለበትም። ማን ምን እንዳለበት የተጻፈው የቤተሰብ ማህደሩ ውስጥ ነው፤ ማህደሩ ሣጥን ውስጥ ነው። ግድግዳው ለመጣው ሁሉ ነው፣ ሣጥኑ ለሚመለከተው። አንዷን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለምን ሕመምተኞቹን ካርታው ላይ እንደማታሳይ ጠየቅኋት። ጥያቄው ራሱ ገረማት። «ሰው ይገባል እኮ እዚህ» አለችኝ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። የት እንደሚኖሩ ደግሞ ካርታ አያስፈልጋትም፣ በእግሯ ታውቀዋለች። መድኃኒቱን አቋርጦ የቀረ ካለ በጨለማም ሄዳ በሩን ትመታለች።

ይኸን ካየሁ ወዲህ ተማሪ ነጥብ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ካርታው ማን ፊት ነው የሚቆመው?» ብዬ ነው። የአድቫይዘር ካርታ ሌላ ነው፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሌላ፣ የአዳራሽ ሌላ፣ የመጽሔት ሌላ። ከሁሉም የምፈራው የመጨረሻውን ነው። አዳራሹ ቢበዛ የቀበሌ ሰው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ካርታ ግን አይመለስም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አንዳንድ መጽሔቶች ደግሞ ዳታው ከነጥሬው ይለጠፍ ይላሉ። ለሳይንሱ ደግ ነው፤ የኮኦርዲኔቱ ሁለት ዓምዶች ግን አብረው መሄድ የለባቸውም።

ዋጋ የለውም አልልም። ነጥብ ከካርታው ሲነሣ የሚጠፋ ነገር አለ። አንድ ምንጭ ወይም አንድ ጠባብ ቤት ዙሪያ የተሰበሰቡ አራት ሕመምተኞች በጎጥ ደረጃ ስትደምራቸው ይሟሟሉ። ስኖው በቀበሌ ደምሮ ቢሆን ፓምፗን ላያያት ይችል ነበር። ስለዚህ ትንተናው በእውነተኛው ነጥብ ይሠራ እላለሁ፤ በተቆለፈ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ በሚከፍተው ፋይል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፎልደር አይደለም። የእኛ አገር የሪሰርች ዳታ ግማሹ ዕድሜውን የሚኖረው በፍላሽ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ቫይረሱም እዚያው ነው።

በቅርቡ ያቺ «ምን አጠፉ» ያለችው ተማሪ ዲፌንስ አደረገች። ካርታዋ ጎጥ በጎጥ ነው፤ ቀለም አለው፣ ነጥብ የለውም። ፈታኙ ገጹን ወዲያ ወዲህ አገላበጠና «ኮኦርዲኔት ሰበሰብኩ ብለሻል፣ ነጥቦቹ የታሉ?» አላት።

«ላፕቶፔ ላይ ናቸው» አለች። «እርስዎ ከፈለጉ አሁን አሳይዎታለሁ። መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ግን አላወጣቸውም።»

ፈታኙ አልፈለገም። ካርታው ይስተካከል ብሎ ጻፈበት። እሷም ቤቷ ገብታ አስተካከለችው፤ የሰሜን ምልክቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዞረችና መልሳ አስገባችው።